“በኳስ ቁጥጥር በልጠን ነበር”

ጨዋታው ሲያልቅ ቴሌቪዥኑ ላይ የምትመጣዋን ሰንጠረዥ ታውቋታላችሁ። ግራና ቀኝ የሁለቱ ክለቦች አርማ፤ መሀል ላይ የኳስ ቁጥጥር፣ ሙከራ፣ ኢላማውን የጠበቀ ሙከራ፣ የማዕዘን ምት፣ ጥፋት፣ ቢጫ ካርድ። ያቺ ሰንጠረዥ ከመጣች በዲኤስቲቪ ቤቱ ውስጥ ክርክር የሚባል ነገር አበቃ። የተሸነፈው ቡድን ቲፎዞ ጣቱን ወደ ስክሪኑ ይቀስርና “ይኸው! 65 በመቶ ይዘን ነው የተሸነፍነው” ይላል። ያሸነፈውም ከዚያችው ሰንጠረዥ የሚጠቅመውን ፈልጎ አያጣም፤ “ኢላማውን የጠበቀው የማን ይበልጣል? እሱን እይ እንጂ!” በማግስቱ የኤፍኤም ተንታኞቻችን ያንኑ ቁጥር በወፍራም ድምፅ ያነቡልናል። ቁጥር ከተጠራ ትንታኔ ተሰጠ ማለት ሆኗል።

እኛ የቁጥር ጠላቶች አይደለንም። “ቡድኑ ወኔ አልነበረውም”፣ “ልጆቹ ማሊያውን አልወደዱትም” ከሚለው ትንታኔ ቁጥር ይሻለናል (ወኔ በምን ይለካል? በኪሎ?)። ጠባችን ከአነባበቡ ጋር ነው። ከጨዋታ በኋላ የምናነበው አብዛኛው ቁጥር ውጤቱን ያመጣው ሳይሆን ውጤቱ ያመጣው ነው። ልጁን “አባትዬው” እያልን እየጠራነው ነው።

ማስረጃውን ማንም ከማይረሳው ጨዋታ እንጀምር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2014፣ ቤሎ ሆሪዞንቴ፣ የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ። ጀርመን 7፣ ብራዚል 1። አሁን ውጤቱን በእጃችሁ ሸፍኑና ሰንጠረዡን ብቻ እዩ። የኳስ ቁጥጥር፦ ብራዚል 52፣ ጀርመን 48። የግብ ሙከራ፦ ብራዚል 18፣ ጀርመን 14። የማዕዘን ምት፦ ብራዚል 7፣ ጀርመን 5። ጨዋታውን ያላየ ሰው ይቺን ሰንጠረዥ ብቻ ቢሰጡት “ብራዚል ለጥቂት አሸንፋለች” ብሎ ይምልላችኋል።

ምን ሆኖ ነው? በ11ኛው ደቂቃ ሙለር አስቆጠረ። ከዚያ ከ23ኛው እስከ 29ኛው ደቂቃ ባለችው ጊዜ ክሎዘ፣ ክሮስ፣ አሁንም ክሮስ፣ ኬዲራ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ 5 ለ 0! ጨዋታው እዚያው ሞተ። የቀረው አንድ ሰዓት ጀርመኖች ጉልበታቸውን ለፍጻሜው የሚቆጥቡበት፣ ብራዚሎች ደግሞ እያለቀሱም ቢሆን ወደፊት የሚሄዱበት ነበር። ከእረፍት መልስ ኖየር ደጋግሞ ኳስ ያዳነው ለዚህ ነው። እንግዲህ አብዛኛው የብራዚል ሙከራ የተወለደው ከ5 ለ 0 በኋላ ነው። የሽንፈት ልጅ ነው። እሱን ጠርተን “ብራዚል እኮ በሙከራ በልጣ ነበር” ስንል ምን ማለታችን ነው?

ይህ የአንድ ቀን ጉድ አይደለም። የመራ ቡድን ወደኋላ ይሰበሰባል፤ የተመራ ቡድን ይወጣል፣ ይሞክራል፣ ኮርና ያገኛል። ስለዚህ ገና በአምስተኛው ደቂቃ ጎል የገባበት ቡድን 85 ደቂቃ ሙሉ ቁጥር ሲሰበስብ ይውላል። ሰንጠረዧ ግን ደቂቃ የላትም። 1 ለ 0 እየተመሩ የተሞከረውንና 0 ለ 0 እያለ የተሞከረውን አንድ ላይ ደምራ ታቀርብልናለች።

ታዲያ ኳስ መያዝ አይጠቅምም? ይጠቅማል። የጓርዲዮላ ባርሴሎና እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2012 ባሉት አራት ዓመታት 14 ዋንጫ የሰበሰበው ኳስ ይዞ ነው። የውድድር ዘመን ሙሉ ሲደመር ኳስ የሚይዙት ክለቦች አብዛኛውን ጊዜ ላይኛው ሰፈር ናቸው። ግን ጥሩ ተጫዋች ያለው ቡድን ኳስም ይይዛል፣ ያሸንፋልም። ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው እንጂ አንዱ ሌላውን አልወለደም። እናትየዋ ሳትኖር ልጁን ብቻ ብታሳድጉ ምን እንደሚሆን ስፔን አሳይታናለች። በ2018ቱ የዓለም ዋንጫ ከሩሲያ ጋር ከ1000 በላይ ቅብብል አድርጋ በፍጹም ቅጣት ምት ወጣች። በ2022ቱ ከሞሮኮ ጋር አሁንም ከ1000 በላይ ቅብብል፣ ያለ ጎል 120 ደቂቃ፣ ከዚያ ከመታቻቸው ሦስት ፍጹም ቅጣት ምቶች አንድም ሳታገባ ወደ ቤት። ሌስተር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015/16 የእንግሊዝን ፕሪምየር ሊግ ሲወስድ አማካይ የኳስ ቁጥጥሩ 45 በመቶ ገደማ ነበር፤ ከሊጉ ዝቅተኞች አንዱ።

“እሺ፣ ኳስ ቁጥጥሩን ተዉት፤ ሙከራስ?” የምትሉ አትጠፉም። እዚህ ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጡ። አንዱ ቡድን አስር ጊዜ ሞከረ እንበል፤ ሁሉም ከሩቅ፣ እያንዳንዱ ጎል የመሆን ዕድሉ ከአስር አንድ። ሌላው ቡድን ሁለቴ ብቻ ሞከረ፤ ግን ሁለቱም ከበረኛ ጋር ፊት ለፊት፣ እያንዳንዱ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ። ሁለቱም በአማካይ አንድ አንድ ጎል ይገባቸዋል። ሰንጠረዧ 10 ለ 2 ብላ የመጀመሪያውን ታነግሠዋለች። ሒሳቡ ግን ሌላ ይላል። አስር የሞከረው ቡድን ከ100 ጨዋታ በ35ቱ ምንም ሳያገባ ይወጣል፤ ሁለት የሞከረው ደግሞ በ25ቱ። እርስ በርስ ሲጋጠሙ ሁለቴ የሞከረው ከ100 ወደ 36 ጊዜ ያሸንፋል፣ አስሬ የሞከረው 31 ጊዜ፣ የቀረው አቻ። አስሬ ሞክሮ፣ ሁለቴ በሞከረ ቡድን፣ ያለ ምንም ዳኛ፣ ያለ ምንም መተት።

ፈረንጆቹ ኤክስ-ጂ፣ ማለትም “የሚጠበቅ ጎል” የሚሉት ነገር የተወለደው ከዚህ ችግር ነው። ሙከራን በብዛት ከመቁጠር ይልቅ እያንዳንዱ ሙከራ ከየት፣ በምን ማዕዘን፣ በእግር ወይስ በጭንቅላት እንደሆነ አይቶ በሺህ የሚቆጠሩ የቀድሞ ሙከራዎች ምን እንደሆኑ በማነጻጸር ዋጋ ይሰጠዋል። ለምሳሌ ፍጹም ቅጣት ምት ከ0.75 እስከ 0.80 ይሰጠዋል፤ ምክንያቱም ከመቶው ያን ያህሉ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2017 የቢቢሲው ማች ኦፍ ዘ ዴይ ቁጥሩን ማሳየት ሲጀምር የድሮዎቹ ተንታኞች ምን ያህል እንደተበሳጩ አይተናል። እኛ ወደነዋል። ግን እሱም ቢሆን ደቂቃውን አይነግረንም፤ አጥቂው በአንድ ክንድ ርቀት ያልደረሰባትን ኳስ ደግሞ ጭራሽ አይቆጥራትም፤ ሙከራ ካልሆነች የለችምና። በአንድ ጨዋታ ይዛችሁ ከሮጣችሁ ያው የድሮዋ ሰንጠረዥ ናት፣ ሱፍ ለብሳ።

አንዳንዴ ደግሞ ውጤቱን የሚያብራራ ቁጥር ጭራሽ የለም። እ.ኤ.አ. ሜይ 19 ቀን 2012፣ ሙኒክ፣ የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ። ባየር ሙኒክ በገዛ ሜዳው ከ30 በላይ ሙከራ፣ 20 የማዕዘን ምት። ቼልሲ የማዕዘን ምት አንድ። አንድ! ያቺን አንዷን ማታ አሻማት፣ ድሮግባ በ88ኛው ደቂቃ በጭንቅላት አገባት። በጭማሪው ሰዓት ሮበን ፍጹም ቅጣት ምት መታ፣ ቼክ ያዘበት። በመለያ ምት ቼልሲ 4 ለ 3። በማግስቱ የተጻፈውን አስታውሱ፤ “የልምድ ድል”፣ “የመከላከል ጥበብ”፣ “የድሮግባ ዕጣ ፈንታ”። አሁን የሮበን ኳስ ገባች እንበል። ሰንጠረዧ አንዲት ቁጥር ሳትለወጥ ያው 20 ለ 1 ትቆያለች፤ ትንታኔው ግን “የባየር ፍጹም የበላይነት፣ የቼልሲ ዕድሜ የተጫናቸው እግሮች” ይሆን ነበር። አንድ ሰንጠረዥ ለሁለት ተቃራኒ ታሪኮች እኩል ምስክር ከሆነች ምስክርነቷ ምኑ ላይ ነው?

እኛ የሯጮች አገር ልጆች ይሄ ሊጠፋን አይገባም ነበር። ሲድኒ 2000 ላይ በ10 ሺህ ሜትር ኃይሌ 27 ደቂቃ ከ18.20፣ ቴርጋት 27 ደቂቃ ከ18.29። ከ25 ዙር በኋላ ልዩነቱ ከአንድ ሰከንድ አንድ አስረኛ እንኳ አይሞላም። የ24ቱን ዙር አማካይ ሰዓት ብትደረድሩት ማን እንዳሸነፈ አይነግራችሁም። ያም ሆኖ ትንሿ ልዩነት አንዱን ወርቅ፣ ሌላውን ብር አደረገች፤ እኛም ዓመቱን ሙሉ ስለ ወርቁ ምክንያት ስናወራ ኖርን።

ቁጥር መቁጠር ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው ቻርልስ ሪፕ፣ የአየር ኃይል የሒሳብ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በማርች 1950 በስዊንደን ታውን ሜዳ እርሳስና ደብተር ይዞ እያንዳንዷን ጥቃት መመዝገብ ጀመረ፤ ለአሥርተ ዓመታትም አላቆመም። ትጋቱን እንሰግድለታለን። ካገኘው ነገር አንዱ፣ ከአስር ጎል ስምንት ያህሉ ከሦስት ቅብብል ባልበለጠ ጥቃት የሚቆጠር መሆኑ ነው። ድምዳሜው፦ ቅብብል ይቅር፣ ኳሱ በቶሎ ወደፊት ይላክ። የእንግሊዝ ኳስ ለብዙ ዓመታት በአየር ላይ የኖረው በዚህ አስተሳሰብ ጭምር ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ በራሱ በሪፕ ደብተር ከአስር ጥቃት ከዘጠኝ በላይ የሚሆነው ከሦስት ቅብብል አይበልጥም። ከ90 በመቶ በላይ የሆነው ነገር 80 በመቶውን ጎል ካመጣ፣ የቀረው ጥቂቱ ረጅም ቅብብል ከድርሻው በላይ ጎል እያመጣ ነው ማለት እኮ ነው። ደብተሩ ትክክል ነው፤ የተነበበው ግን በግልባጭ።

ወደ ቤታችን እንምጣ፤ እዚህ ጉዳዩ ያማል።

በጥር 2005 ዓ.ም. ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለስን። ኔልስፕሩት ላይ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1። ሳላዲን ሰዒድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፣ የዛምቢያ በረኛ በቀይ ወጣ፣ አዳነ ግርማ አስቆጠረ፣ አገር በደስታ አበደ። “በኳስ በለጥናቸው!” ቀጥሎ ቡርኪናፋሶ። በ34ኛው ደቂቃ አንድ ገባብን። በ60ኛው ደቂቃ የእነሱ በረኛ ከሳጥኑ ውጪ ኳስ በእጁ ነክቶ ተባረረ። አስራ አንድ ለአስር፣ ኳሱ እግራችን ሥር፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ። በዚያ ግማሽ ሰዓት ስንት አገባን? ዜሮ። ስንት ገባብን? ሦስት። 4 ለ 0። ናይጄሪያ ደግሞ በሁለት ፍጹም ቅጣት ምት 2 ለ 0 ሸኘችን።

ከዚያ በኋላ የቀረልን ነገር ምን ነበር? “በኳስ ቁጥጥር በልጠን ነበር” የምትል ማጽናኛ። ይቺ ዓረፍተ ነገር ከአሰልጣኝ ወደ አሰልጣኝ፣ ከማጣሪያ ወደ ማጣሪያ እየተላለፈች አድጋለች። እኛ ግን እንጠይቃለን፤ ያ ኳስ የት ነበር? በመሀል ተከላካዮቻችን መካከል ወዲያና ወዲህ የምትሄድ ኳስም፣ በተቃራኒ ሳጥን አፍ ላይ ያለች ኳስም ሁለቱም “ቁጥጥር” ይባላሉ። አስር ሰው የቀረው ቡርኪናፋሶ ኳሱን የተወልን እኛ ስለቀማነው ብቻ አይመስለንም፤ ከእኛ ጀርባ የተከፈተውን ሜዳ አይቶ ነው። የቁጥጥር መቶኛችን በወጣ ቁጥር ከኋላችን ያለው ሜዳ ይሰፋ ነበር። ያ ቁጥር የበላይነታችን ምልክት ብቻ ሳይሆን የወጥመዱም ልክ ነበር።

በዚያው ዓመት ዛምቢያን ያሰለጥን የነበረው ሄርቬ ሬናር ከዓመታት በኋላ ሳውዲ አረቢያን ይዞ ምን እንዳደረገ ታስታውሳላችሁ። ኖቬምበር 22 ቀን 2022፣ ሳውዲ 2፣ አርጀንቲና 1። ሳውዲ ሦስቴ ብቻ ሞክራ ሁለቱን አገባች፤ እሱን ዕድል በሉት። ግን ሌላም ቁጥር አለ፤ አርጀንቲና አስር ጊዜ ከጨዋታ ውጪ ተይዛለች፣ በመጀመሪያው አጋማሽ ሦስት ጎል ተሽሮባታል። ይህ ቁጥር ይናገራል። ሬናር የተከላካይ መስመሩን ወደ መሀል ሜዳ ገፍቶ አቁሞ ነበርና። ከአሰልጣኙ ውሳኔ ተነስቶ ሜዳ ላይ የታየ ቁጥር ነው። (የክንድና የትከሻ ያህል ቢሳሳት ደግሞ 4 ለ 0 ይሸነፍና ዛሬ “እብድ” እንለው ነበር፤ ይህም መረሳት የለበትም።) እንዲህ ያለውን ቁጥር ፈልጎ ማውጣት ነው የተንታኝ ሥራ። የስክሪኑን መቶኛ ማንበብማ ስክሪኑ ራሱ ይችላል።

ደግሞ አንድ ጨዋታ ይዞ መሮጥ። በግንቦት 28 ቀን 2014 ዓ.ም. ሊሎንግዌ ላይ በማላዊ 2 ለ 1 ተሸነፍን፤ በሁለት ፍጹም ቅጣት ምት። “አሰልጣኙ ይውረድ!” ተባለ። ከአራት ቀን በኋላ እዚያው ከተማ ላይ ሳላህ ያልነበረባትን ግብፅን 2 ለ 0፤ ዳዋ ሆቴሳ፣ ሽመልስ በቀለ። “ይኼ ነው የኢትዮጵያ ኳስ!” ተባለ። በአራት ቀን ውስጥ ያ ቡድን ምን ያህል ይለወጣል? በማጣሪያው መጨረሻ ያለፉት ግብፅና ጊኒ ናቸው። ለአራት ቀን ሁለት ትንታኔ ነበረን፤ ሁለቱም በቁጥር የታጀቡ።

ይሄ ሁሉ የሻይ ቤት ወግ ቢሆን ባልጻፍነው። ግን በዚህ ንባብ ሰው እንጀራውን ያጣል። በአገራችን ክለቦች አሰልጣኝ በአራትና አምስት ጨዋታ ውጤት ሲሰናበት አይተናል፤ ቡድኑ በእነዚያ ጨዋታዎች ምን ዓይነት ዕድል እንደፈጠረና ምን ዓይነት ዕድል እንደሰጠ የሚያሳይ አንድ ገጽ እንኳ ቀርቦለት አያውቅም። “ውጤት አጣ” በቂ ነው።

ደግሞ የእኛ እድሜ ልጆች ኪስ አለ። የውርርድ ቤቱ ቢታሸግ ስልኩ አለ። ልጁ ቲኬት ከመቁረጡ በፊት “አጥንቻለሁ” ይላችኋል፤ ያጠናው ያለፉትን አምስት ጨዋታዎች የኳስ ቁጥጥርና የኮርና ብዛት ነው። አቦ፣ እሱ ያየውን ቁጥር አቋማሪው ድርጅት ከእሱ በፊት አይቶታል፤ ኦዱን ያወጣውም በዚያው ነው። ለአሸናፊው 1.40፣ ለአቻ 4.50፣ ለተሸናፊው 7.50 የተባለ ጨዋታ ውሰዱና አንድን ለሦስቱም አካፍላችሁ ደምሩ፤ ወደ 107 በመቶ ይመጣል። ከመቶ በላይ ያለችው ሰባቷ የቤቱ ናት፤ ማንም ያሸንፍ ማን። ደግሞ ልጁ አንድ ጨዋታ አይቆርጥም፣ አስር ነው የሚደረድረው። እያንዳንዱ ጨዋታ 70 በመቶ “እርግጠኛ” ቢሆን እንኳ አስሩም የመምጣታቸው ዕድል ከመቶ ሦስት አይሞላም። ከዚያ በዘጠኙ መጥቶ በአንዱ ሲቃጠል “ለጥቂት!” ይላል። ለጥቂት አይደለም፣ ወንድማችን፤ ሒሳቡ ከመጀመሪያውም እንደዚያ ነበር። በቴሌቪዥኗ ሰንጠረዥ ውጤትን ማብራራት የለመደ ጭንቅላት፣ በዚያችው ሰንጠረዥ ነገን መተንበይ የሚችል ይመስለዋል።

የሚገርመው እዚህ አገር የቁጥር ብዛት አይደለም ያስቸገረን። ፕሪምየር ሊጋችን በ1990 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ማን ስንት እንዳገባ እናውቃለን፤ ከየት እንዳገባ፣ ስንት ለስንት እያሉ እንዳገባ የሚናገር ለሕዝብ የተከፈተ መዝገብ ግን አላገኘንም። ከ2013ቱ የውድድር ዘመን ጀምሮ ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ ሲተላለፉ ካሜራ ገባ፤ ደብተሩ ግን አልገባም። ይህን ለመሥራት የእንግሊዞቹ ብሬንትፎርድና ብራይተን ያላቸው ዓይነት የተንታኝ ሠራዊት አያስፈልግም። ሪፕ እርሳስ ነበር የያዘው። (ብሬንትፎርድ እ.ኤ.አ. በ1951 ከመውረድ የተረፈው ሪፕ እያማከረው ነበር፤ ከሰባ ዓመት በኋላ ደግሞ በቁጥር ሰዎች እየተመራ ፕሪምየር ሊግ ገባ። ኳስ አንዳንዴ ቀልደኛ ናት።)

ስለዚህ ከመጪው የውድድር ዘመን ጀምሮ እኛው በየተራ አንድ ክለብ ይዘን እያንዳንዷን ሙከራ ልንመዘግብ ተስማምተናል። አምዶቹ እነዚህ ናቸው፦ ደቂቃው፣ በዚያች ደቂቃ የነበረው ውጤት፣ ሜዳው ላይ ያለው ቦታ፣ በእግር ወይስ በጭንቅላት፣ ኳሱ እንዴት እንደመጣ። ስድስተኛ አምድ የምትጨምሩልን ካላችሁ ሊጉ ሳይጀመር ጻፉልን።